ቀጋ በግቢ ውስጥ

ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ ነው፤ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ። ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል። ኤርትራ ውስጥና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንም አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1900 እስከ 3300 ሜትር ገደማ ባለው ደጋና ወይና ደጋ ይበቅላል። እንግዲህ እንጦጦ፣ ሱሉልታ፣ መናገሻ ሁሉ አገሩ ነው።

አዲስ አበባ ዳር መሬት አግኝቶ ቤት የሚሠራ ሰው ግን መጀመሪያ የሚመነጥረው እሱን ነው። ከዚያ ለአጥሩ እሾሃማ ሽቦ፣ ለግቢው ማሳመሪያ ደግሞ የፈረንጅ ጽጌረዳ ይገዛል። ሁለቱንም የሚሆነውን ነቅሎ!

አበባው ነጭ ወይም ክሬም ሆኖ አምስት ቅጠል አለው፤ መሃሉ ቢጫ ነው። ሽታው ደስ ይላል፤ ንብም አይጠፋበትም። ፍሬው ሲበስል ብርቱካንማ ቀይ ይሆናል፤ የጣት ጫፍ ቢያክል ነው። ገጠር ያደገ ሰው አበላሉን አይረሳውም። በአውራ ጣት ጥፍር ለሁለት ይከፈላል፤ ውስጡ ያለው ዘርና ጸጉር ተጠርጎ ይጣላል፤ የሚበላው ላዩ ነው። ቸኩሎ ከነጸጉሩ የዋጠ ጉሮሮውን ሲበላው ይውላል።

ዘሩ ለመብቀል ብዙ ጊዜ ይፈጃል። የሚቀለው እርሳስ የሚያክል ጠንከር ያለ ቅርንጫፍ ስንዝር ያህል ቆርጦ ክረምቱ ሲገባ መትከል ነው። ሁሉም ስለማይጸድቅ በርከት ማድረግ ነው። ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይፈልጋል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ ማድረግ ያሻል። የመጀመሪያውን በጋ ውሃ ይጠጣ፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ብዙም አያስቸግርም። ለጋው ላይ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ከወጣ የሳሙና ውሃ መርጨት ነው።

የመግረዙ ነገር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የፈረንጁ ጽጌረዳ አበባው ሲጠወልግ ይቆረጣል፤ ደግሞ እንዲያብብ። ቀጋን እንደዚያ ያደረገ ፍሬውን አብሮ ቆረጠው ማለት ነው። እኛ ቤት አንድ ዓመት አትክልተኛው ሊያሳምርልን ብሎ አበባውን ሙልጭ አድርጎ ከረከመው። የዚያን ዓመት አንዲት ፍሬ አላየንም። የሚገረዘው ፍሬው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም ያረጀውና የተጠላለፈው ብቻ።

ወፍራም ጓንት አይረሳ። እሾሁ ቆልመም ያለ ስለሆነ እጁን ወደ ኋላ የጎተተ ይቧጨራል። መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ከዚያ ላቀቅ ነው።