ውድ ምልክት ምንድን ነው? መኪና ለፍቅር ትውውቅ የሚጠቅመው እስከ የት ድረስ ነው?

ውድ ምልክት የሚባለው በዓይን የማይታይን ነገር፣ ለምሳሌ አቅምን፣ ጤናን ወይም ቁም ነገርን ለሌላ ሰው የሚያሳይ ነገር ነው። አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ የሌለው ሰው ላስመስል ቢል ብዙ ያስከፍለዋል። «ገንዘብ አለኝ» ማለት ምንም አያስወጣም። ያለውም የሌለውም እኩል ስለሚለው ሰሚው ምንም አያተርፍበትም። መኪና መግዛት ግን ያስወጣል። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ካፌ በር ላይ የቆመ መኪና፣ ባለቤቱ አፉን ሳይከፍት ስለ እሱ የሚያወራው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐሳቡ ከሦስት አቅጣጫ ተገናኝቶ የመጣ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቶርስታይን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ሰዎች ውድ ዕቃ የሚገዙት ለአገልግሎቱ ብቻ ሳይሆን ሌላው እንዲያይላቸው ጭምር መሆኑን ጻፈ። በ1973 ማይክል ስፔንስ ቀጣሪዎች ዲግሪን ለምን እንደሚያምኑ በዚሁ መንገድ አስረዳ፤ በ2001 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። በ1975 ደግሞ እስራኤላዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ አሞጽ ዛሃቪ የወንድ ፒኮክን ረጅም ጭራ ምክንያት ፈለገለት። ጭራው ከባድ ነው፤ ለመሸሽም አይመችም። እሱን ተሸክሞ በሕይወት የቆየ ወፍ ግን ጠንካራ መሆኑን ማስመሰል አያስፈልገውም።

ለመኪና ጉዳይ ከሦስቱ የሚበልጠው የስፔንስ መስፈርት ነው። ምልክት የሚታመነው ያለው ሰው በቀላሉ፣ የሌለው ሰው ግን በከባድ ጣር የሚያገኘው ከሆነ ብቻ ነው። ሁለቱም በእኩል ወጪ ካገኙት፣ ለምሳሌ በውሰት የሚገኝ ከሆነ፣ ማንንም ከማንም አይለይም።

ጥናቶቹ ያገኙት

እ.ኤ.አ. በ2010 ደንና ሰርል የተባሉ ተመራማሪዎች አንድን ወንድ አንድ ጊዜ ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል፣ ሌላ ጊዜ ፎርድ ፊየስታ ውስጥ አስቀምጠው ለሴቶች አሳዩ። አንዲት ሴትንም በሁለቱ መኪኖች ለወንዶች አሳዩ። ሴቶቹ ያንኑ ሰው ቤንትሌዩ ውስጥ ሲሆን ይበልጥ ማራኪ ሆኖ አገኙት። ወንዶቹ ግን ሴቲቱን ሲመዝኑ መኪናው ለውጥ አላመጣባቸውም።

በ2011 የታተመው የጂል ሰንዲና የባልደረቦቿ ጥናት ጥያቄውን ለሁለት ከፈለው። ለሴቶቹ የቀረቡት ፖርሽ ቦክስተር የገዛ ሰውና ሆንዳ ሲቪክ የገዛ ሰው ነበሩ። ባለ ፖርሹ ለዴት፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ ግንኙነት፣ ተመረጠ። ለትዳር ሲጠየቁ ግን ከባለ ሲቪኩ አልበለጠም። ከሁሉም ግኝቶች ትልቁን ክብደት የምንሰጠው ለዚህኛው ነው፤ የሚያብለጨልጭ መኪና የሚያሳየው ሰውየው ገንዘብ ማውጣት መቻሉን እንጂ ያንን ገንዘብ ለማን ሊያውለው እንዳሰበ አይደለም።

ሁለቱም ጥናቶች ግን አንድ ነገር አልነኩም። ፎቶ ወይም ጽሑፍ ነው የቀረበው፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ ለግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ተሳታፊ የለም። እውነተኛው ትውውቅ ግን በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው የሚጀምረው።

አዳማ ላይ ምልክቱ ለምን ይደበላለቃል?

እዚህ አገር መኪና ከፍ ያለ ድምፅ አለው፤ ምክንያቱ ግብሩ ነው። ጉምሩክ፣ ኤክሳይዝ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ይሰላል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ደግሞ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል። ስለዚህ ሌላ አገር ጀማሪ ሠራተኛ የሚገዛት የ1,000 ሲሲ ቪትዝ እዚህ የብዙ ዓመት ደሞዝ ትጠይቃለች። ቪትዝ ያለው ሰው «መኪና ያለው» ተብሎ የሚጠራውም ለዚህ ነው።

ችግሩ የሚነዳው ሰው ሁልጊዜ ባለቤቱ አለመሆኑ ላይ ነው። ሊብሬው በአባት ስም ሊሆን ይችላል። ውጭ አገር ያለ ወንድም በውክልና ያስነዳት ይሆናል። ለሰርግ ሰሞን የተከራየች፣ ከጓደኛ ለቅዳሜና እሑድ የተለመነች ወይም ገና ዕዳዋ ያላለቀ ልትሆን ትችላለች። ታርጋው ጥቂት ይናገራል። በለመድነው አሠራር ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድና የድርጅት፣ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት ነው። ቅዳሜ ማታ ኮድ 4 ይዞ ዴት የወጣ ሰው ያሳየው ሀብቱን አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት ንብረትን ለግሉ የሚያውል መሆኑን ነው። ይህንንም ልብ ብላ የምታይ ሴት ትክክል ናት።

በተቃራኒው አዳማ የጅቡቲ መስመር ከተማ ናት። የብዙ ነጋዴ ገንዘብ የተቀመጠው በጭነት መኪና፣ በመጋዘንና በሸቀጥ እንጂ ራሱ በሚነዳው መኪና ውስጥ አይደለም። ሁለት ሲኖትራክ መንገድ ላይ ያለው ሰው በባጃጅ ካፌ ቢመጣ የሚያስገርም ነገር የለውም። በመኪና ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን ሰው ያልፈዋል። ባዶ ኪሱን በተከራየ መኪና የሸፈነውን ደግሞ ይመርጣል።

ሴት ስትነዳ ንባቡ ይቀየራል። በጥናቱ ወንዶቹ መኪናውን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ እዚህ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «የማን መኪና ነው?» የሚል ይሆናል። በራሷ ገንዘብ የገዛች ሴት ይህን ጥያቄ ከሰው አፍ ስትሰማ፣ ጠያቂው ስለ ራሱ የሚበቃትን ያህል ነግሯታል።

ኤሌክትሪክ መኪና

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለከል ቢዋይዲና አይዲ ፎር የተባሉት ኤሌክትሪክ መኪኖች የአዲስነት ምልክት ሆኑ። ነገር ግን ይዘውት የመጡት አንድ ችግር አለ። አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ይሄዳል ተብሎ በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ርቀት በቻይና መለኪያ፣ በዝግታ መንገድ የተለካ ነው። በፍጥነት መንገዱ በሰዓት ከ100 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ቢያገኙ ጥሩ ነው። ዳገቱም አለ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ገደማ ላይ ናቸው። ሰው ጭኖ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ያንን 600 ሜትር ለመውጣት ብቻ 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ላላት ትንሽ መኪና ይህ ስምንት በመቶ ነው። ሲወርዱ ከፊሉ ይመለሳል፤ ሲወጡ ግን አይመለስም። ሶደሬ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ አያሳስብም። አዲስ አበባ እራት በልቶ ለመመለስ ያቀደ ሰው ግን ከአዳማ ሞልቶ ይነሳ። አለዚያ ምሽቱ ቻርጀር ፍለጋ ላይ ያልቃል፤ ኤሲውን አጥፍቶ በሙቀት መንዳትም ይመጣል።

በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚነበበው

አብሮ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሽታውን ነው። የአዳማ አቧራና ሙቀት ተባብረው ኤሲውን የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ያሰጡታል። በመስተዋቱ ላይ ሦስት የሽቶ ካርቶን ማንጠልጠል ሽታውን አያጠፋውም፤ ይደርብበታል፤ መኪና የሚያቅለሸልሸውን ሰው ደግሞ ይጥለዋል። መነሻው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የውስጥ አየር ፊልተር ነው። በቪትዝና በኮሮላ ከተሳፋሪው ፊት ካለው ኪስ ጀርባ ይገኛል። ኪሱን ከፍቶ ሁለቱን ጎኖች ወደ ውስጥ ጨመቅ ሲያደርጉት ይወርዳል። ከኋላው ያለውን ጠባብ ክዳን አውጥቶ ፊልተሩን መሳብ ነው። አዲሱ ሲገባ «UP» የሚል ቀስት ካለው ወደ ላይ ይሁን። በአቧራማ ከተማ ከ10,000 እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ መቀየር አለበት። ሁለተኛው ኤሲው ሲሠራ በውስጥ የሚቀረው እርጥበት ነው። ሊደርሱ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ሲቀር ኤሲውን አጥፍቶ ነፋሱን ብቻ መተው ያደርቀዋል። የተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ከራሰ ብዙ ጊዜ የኤሲው ውኃ መውጫ ቱቦ ተደፍኗል ማለት ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሰው አስገብቶ ኤሲ መክፈት ሌላው ስሕተት ነው። የውስጡ አየር ከውጭው እጅግ ይሞቃልና መጀመሪያ አራቱንም መስኮት ከፍቶ አንድ ሁለት ደቂቃ መንዳት፣ ከዚያ መዝጋትና አየሩን ወደ ውስጥ ማዞር ይሻላል። የቀበቶው ብረት ሥጋ የሚያቃጥል ስለሚሆን ሲቆም በወንበሩ ላይ ጨርቅ ጣል ማድረግም አይርሱ።

ቀበቶው ራሱ ብዙ ይናገራል። ተስቦ የማይመለስ፣ አቧራ ያጠቆረው ቀበቶ ማለት ከዚህ ቀደም እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ደኅንነት ማንንም አላሳሰበም ማለት ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው። እስከ መጨረሻው ስቦ እንዳይመለስ መያዝ፣ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በብሩሽ ማሸት፣ ሌሊቱን ተዘርግቶ እንዲደርቅ መተው። በረኪና መጠቀም ክሩን ያዳክማል።

ከዚያ አነዳዱ አለ፤ በእኛ ግምት ከሁሉም ይበልጣል። በክረምት አዳማ ጎዳና ላይ ውኃ ሲተኛ እግረኛ አጠገብ ሲደርስ ፍጥነት የሚቀንስ ሰውና የማይቀንስ ሰው አንድ አይደሉም። ባጃጅ ሲገባበት መስኮት አውርዶ የሚሳደብ ሰው ነገ ቤት ውስጥ ሲናደድ ምን እንደሚመስል ዛሬ አሳይቷል። ፍሬቻ ማብራት፣ ማታ ረጅም መብራት መቀነስ፣ ስልክ ማስቀመጥ ወጪ የላቸውም። ግን ለአንድ ሰዓት ሙሉ ማስመሰል ይከብዳል፤ ልማድ ያልሆነበት ሰው አንድ ቦታ ይስታል። ስፔንስ ምልክት እንዲታመን የሚፈልገውን ነገር እነዚህ ከመኪናው ዋጋ ይበልጥ ያሟላሉ።

አንድ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። የሴት ልጅ ቤት በር ላይ ቆሞ ክላክስ ማድረግ ሰፈሩን ሁሉ ይጠራል። ቤተሰብ ያላወቀውን ነገር ጎረቤት ያውቃል፤ የሚጠየቀው ደግሞ ነጂው አይደለም፤ እሷ ናት። ደውሎ «ደርሻለሁ፤ የት ልጠብቅሽ?» ማለት ነው።

ምልክቱ ባለቤቱን ሲበላ

ከአቅም በላይ የተገዛ መኪና ከጥቂት ወራት በኋላ መልኩ ይቀየራል። አንዲት ቪትዝ በ100 ኪሎ ሜትር ከ5 እስከ 7 ሊትር ቤንዚን ትጠጣለች። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከ3 ሊትር በላይ ዘይትና ፊልተር ያስፈልጋታል። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስና ዓመታዊ ቦሎ አሉ። ለመግዣው ብቻ ያጠራቀመ ሰው እነዚህን ሲደርስበት አንድ በአንድ ይዘላል። መጀመሪያ ዘይቱ ይዘገያል፤ ቀጥሎ ጎማው ይላጣል። ጎሚስታ ዘንድ ሳይሄድ ነፋሱ የወረደ ጎማ ጠርዙን ይበላል፤ በሙቅ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። ለቪትዝ ብርድ ላይ ሲለካ 32 ፒኤስአይ አካባቢ ይበቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር የነጂው በር ሲከፈት ጠርዙ ላይ ተለጥፏል። በመኪናዋ ምክንያት የተቀራረበችው ሴት ይህን ሁሉ ታያለች፤ ወሩ ሲያልቅ «ነዳጅ ሙይልኝ» መባልም ይመጣል።

መኪና የሌለው ሰው በዚህ ሁሉ ያለ ምልክት አልቀረም። ከፍራንኮ ሰፈር በባጃጅ ተነስቶ በተባለው ሰዓት የሚደርስ፣ እሷን ቀድሞ ወደ ቤቷ የሚሸኝና መግባቷን ደውሎ የሚያረጋግጥ ሰው ጊዜውን ከፍሏል። ጊዜ በውክልና አይነዳም፤ ከጓደኛም አይለመንም።

ለምትሳፈረው

የመጀመሪያው ቀጠሮ መኪና ውስጥ ባይጀምር ይመረጣል። በራስ መንገድ ካፌ ሄዶ መገናኘት፣ መመለሻውንም በራስ መያዝ። መሳፈሩ ከመጣ የታርጋውን ቁጥር ለእህት ወይም ለጓደኛ በጽሑፍ መላክ፣ ከከተማ የሚያስወጣ ከሆነ ያሉበትን ቦታ በስልክ ማጋራት ያስፈልጋል። የፊት ወንበር ይመረጣል። ምክንያቱም የልጆች መቆለፊያ ያለው በኋላ በሮች ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ጠርዙ ላይ፣ ከቁልፉ በታች ትንሽ ማንሻ ትታያለች። ወደ መቆለፊያው ከዞረች ያ በር ከውስጥ አይከፈትም። ኋላ መቀመጥ ግድ ከሆነ ከመግባት በፊት ማንሻዋን አይቶ እንድትመለስ መጠየቅ ይቻላል፤ ቅን ነጂ ራሱ ወርዶ ይመልሳታል።