አሸናፊ ከበደ የጻፈው «የፈረንጅ ሙዚቃ» አይደለም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሙዚቃ አስተምራለሁ። የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደን ስም ባነሳሁ ቁጥር ያው አንድ መልስ ይመጣል፦ «እሱማ የፈረንጅ ሙዚቃ ነው የሠራው።» ሰለቸኝ።

ትንንሾቹን ቶሎ ልለፋቸው። «ዘፋኝ ነበር» ይላሉ። አልነበረም። የሙዚቃ ደራሲ፣ የኦርኬስትራ መሪና ተመራማሪ ነበር። «ያሬድ ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ማስተማሪያ ነው» የሚሉም አሉ። ስሙ የቅዱስ ያሬድ ነው እንጂ ፒያኖና ቫዮሊን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጋር ይሰጥበታል። የመጀመሪያው ዳይሬክተሩ አሸናፊ ነው።

«አሜሪካ ገብቶ አገሩን ረሳ» ሲሉ ግን ያናድደኛል። አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ ተመልሶ ነው ያሬድን የመራው። በኋላ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በ1971 እ.ኤ.አ. ዶክትሬቱን ያገኘውስ በምን ይመስላችኋል? በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ በሠራው ጥናት! በ1977 ደግሞ ስለ ክራር ጽፎ፣ እዚህ እኛው ሰፈር ወላጅ ልጁን የሚከለክልበትን «ክራር የሰይጣን መሣሪያ» የሚለውን አባባል ሳይቀር ለውጭ ምሁራን አስረድቷል።

አሁን ወደ ዋናው። «እረኛው ባለዋሽንት» የሚባል ሥራ አለው። በ1967 እ.ኤ.አ. ሃንጋሪ ውስጥ የዚያው አገር ኦርኬስትራ እሱ ራሱ እየመራው ተጫውቶታል። ታዲያ ቫዮሊን ስለገባበት ነው ፈረንጅ የሆነው? አሸናፊ «ጥቁሩ ኮዳይ» ይባል ነበር። ኮዳይ የሃንጋሪ ደራሲ ነው፤ ከጓደኛው ከባርቶክ ጋር ገጠር ለገጠር እየዞረ የገበሬውን ዘፈን በፎኖግራፍ ቀድቶ፣ ያንን ይዞ ነው ለኦርኬስትራ የጻፈው። እሱን ማንም «የሰው አገር ሙዚቃ ሠራ» አላለውም። የእኛው ሰው የእረኛውን ዋሽንት ይዞ ሲነሳ ለምንድነው የሚባለው?

ከመንዝ የመጣ ተማሪ ነበረኝ፤ ዋሽንቱን በጋቢው ውስጥ ይዞ ነው የገባው። አባቱ «ጋሼ፣ ኖታ ከተማረ የኛው ዜማ አይጠፋበትም?» አሉኝ። ልጁን ትዝታ አስነፋሁት። አንዷን ቀዳዳ በጣቱ ግማሽ ድረስ ሸፍኖ ድምፁን ቀስ አድርጎ ያንሸራትታል። ያ ድምፅ ፒያኖ ላይ የለም፣ በሁለቱ ቁልፎች መካከል ነው ያለው። ኖታውን ስጽፍለት ዋናዎቹ ድምፆች ወረቀቱ ላይ ቀሩ፤ መንሸራተቱ ጣቱ ላይ ቀረ። ወረቀቱ ምንም አልወሰደበትም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ዜማውን ለሌሎች ተማሪዎች አስነበበ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሙዚቃ ልማር ሲል ዋሽንቱን አታስጥሉት። ኪቦርድ ካልገዛንለት ብላችሁም አትጨነቁ። መጀመሪያ አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬን፣ በጆሮው ይለይ። ኖታ ከዚያ በኋላ ቶሎ ይገባዋል። አንድ ዋሽንት ደግሞ ለሁሉም ዘፋኝ ድምፅ አይሆንም፤ ረጅሙ ወፍራም ድምፅ ያወጣል፣ አጭሩ ቀጭን። ለዚህ ነው ነፊዎች ብዙ ዋሽንት የሚይዙት። ስትገዙ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ይንፋው፣ ጣቱ ቀዳዳዎቹ ላይ ሳይወጠር መድረሱን እዩ።