የማስፋፊያ ግንባታ ፈቃድ ምንድን ነው? ቅጥያ ያለው ቤት ለመግዛት ላሰበ ሰው

የማስፋፊያ ግንባታ ፈቃድ ማለት በቆመ ቤት ላይ ክፍል ለመቀጠል፣ ፎቅ ለመጨመር ወይም በግቢው ጀርባ ሰርቪስ ለመሥራት ከከተማው አስተዳደር የሚገኝ ፈቃድ ነው። ዋናው ቤት ፈቃድ ስላለው ቅጥያውም አለው ማለት አይደለም። ፈቃዱ የሚሰጠው ለቀረበው ፕላን ብቻ ነው፤ በፕላኑ ላይ ያልተሣለ ክፍል አልተፈቀደም።

እንደ ደብረ ብርሃን በፍጥነት በሚያድግ ከተማ ይህ ጉዳይ በየሰፈሩ ያጋጥማል። ኪራይ ሲወደድ ባለቤቱ ከጀርባ ሁለትና ሦስት ክፍል ይቀጥላል፤ ቤቱ ለሽያጭ ሲወጣ ደላላው ክፍሎቹን ቆጥሮ ዋጋ ይጠራል። ወረቀቱ ሲጠየቅ መልሱ «ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሠራው» ይሆናል። እንዲህ ያለው መልስ ገዢውን ከምንም አያድነውም። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ገዢ ገንዘቡን የሚከፍለው በመሬቱ ላይ ላረፈው ቤት ነው። ስለዚህ ከቤቱ እኩሌታው ያለ ፈቃድ የተሠራ ከሆነ የተከፈለው ገንዘብ እኩሌታ አስተዳደሩ አፍርስ ሊል በሚችለው ግድግዳ ላይ ውሏል ማለት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ያለ ፈቃድ መገንባትን የከለከለው በከንቱ አይደለም፤ ፈቃድ ማለት አንድ ባለሙያ መሠረቱን፣ ከጎረቤት ያለውን ርቀትና የውሃውን መውጫ አይቶታል ማለት ነው።

የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውንና የጸደቀውን ፕላን ይዞ ግቢው ውስጥ መቆም ያስፈልጋል። ካርታው የይዞታውን ወሰንና ስፋት ያሳያል፤ ስለ ክፍሎቹ የሚናገረው ፕላኑ ነው። ሜትር ይዘው ከአጥር እስከ አጥር ይለኩ፤ ከዚያ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከፕላኑ ጋር ያስተያዩ። ፎቶ ኮፒ ብቻ ከቀረበልዎ ፋይሉን ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሻጩ ባለበት ያረጋግጡ።

ፍሳሹ ግን ከወረቀቱ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ወረቀት ሊስተካከል ይችላል፣ መሄጃ ያጣ ውሃ ግን ቤቱን ይበላዋል። ከአገራችን ከተሞች በአብዛኛዎቹ የጋራ የፍሳሽ መስመር ስለሌለ እያንዳንዱ ግቢ የራሱን ፍሳሽ በሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም ከመሬት በታች በተሠራ የተከደነ የፍሳሽ ገንዳ፣ እና ውሃው ወደ አፈር በሚሰርግበት ማስረጊያ ጉድጓድ ይይዛል። ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ ጉድጓድ አራት ተከራይ ሲጨመርበት ይሞላል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ቅጥያው በራሱ በታንኩ ላይ ሲሠራ ነው፤ ክዳኑ ከወለል በታች ይቀበራል፣ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ቱቦውን የሚያስገባበት ቀዳዳ ያጣል። ሻጩን «ታንኩ የት ነው? ክዳኑን ይክፈቱልኝ» ይበሉት። ክዳኑን ማሳየት ካልቻለ ግዢውን ያቆዩት።

የሰሜን ሸዋ ደጋ አፈር ነገሩን ያከብደዋል። በሞረትና ጅሩ በኩል ገበሬው እርሻውን በመደብና በቦይ አበጅቶ ውሃ የሚያወጣው ጥቁር አፈሩ ውሃ ስለማያሳልፍ ነው። እንዲህ ባለ አፈር ላይ የተቆፈረ ማስረጊያ ጉድጓድ በክረምት አያሰርግም፤ ፍሳሹ ወደ ላይ ይመለሳል። ይኸው አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የቆየው ቤትና ቅጥያው መሠረታቸው አንድ ስላልሆነ እኩል አይነሡም፣ እኩል አይወርዱም። አሮጌው የጭቃ ግድግዳ ከአዲሱ ብሎኬት ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን ከወለል እስከ ኮርኒስ ይመልከቱት። ከታች ጠቦ ወደ ላይ የሚሰፋ ስንጥቅ ካለ ቅጥያው ከቤቱ እየተለየ ነው። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካዩም እጅዎን ያሳርፉበት፤ እርጥበት የላጠው ልስን ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው በዚያ ነው። እንደ ደብረ ሲናና አንኮበር ባለ ተዳፋት ቦታ ጥያቄው ይለወጣል፦ ከላይ ካለው ግቢ የሚወርደው ጎርፍ ድሮ የሚያልፍበት ቦይ የት ነበር? ቅጥያው ያረፈው በቦዩ ላይ ከሆነ ውሃው ወይ በቤትዎ ውስጥ ያልፋል፣ ወይ ወደ ጎረቤት ዞሮ ክስ ያመጣል።

ቢቻል ቤቱን በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ዝናብ እየጣለ ይዩት፤ አሸንዳው ውሃውን የት እንደሚያፈስ ያን ጊዜ ይታያል። በበጋ የሚገዛ ሰው በመታጠቢያ ቤቱና በኩሽናው በየተራ ብዙ ውሃ ለቅቆ ማንሆሉ (ክዳን ያለው የፍሳሽ መፈተሻ ጉድጓድ) ጋ ይቁም። ከሻጩ ይልቅ ጎረቤትን መጠየቅም አይከፋም፤ የክረምቱን ነገር የሚያውቀው በታችኛው በኩል የሚኖረው ነው።

ቅጥያው ፈቃድ ከሌለው ቤቱን የግድ መተው ላያስፈልግ ይችላል። ሻጩ ፈቃዱን አስወጥቶ ይምጣ፤ አይሆንም ካለ ዋጋው በተፈቀደው ቤት ልክ ይሁን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የመንደር ውል ፈርመው ገንዘብ አይቁጠሩ። በውሉም ላይ የተፈቀዱት ክፍሎች ብዛትና ስፋት ይጻፍ፤ የመጨረሻው ክፍያም ፈቃዱ እጅዎ እስኪገባ ይቆይ።