«ፀጉር አለው፣ ምን ይሆናል?»፦ በብርድና በበዓል ሰሞን ስለ ውሻና ድመት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ብርዱ ሲጠና በር እንዘጋለን፣ ማሞቂያ እናበራለን። በዓል ሲደርስ ደግሞ ቤቱ በእንግዳ፣ በምግብና በጌጣጌጥ ይሞላል። በዚህ ሁሉ መሃል ውሻችንና ድመታችን እግራችን ሥር ይርመሰመሳሉ።

በዚህ ሰሞን የሚደርስባቸውን ጉዳት ልብ ብዬ ሳየው፣ አብዛኛው ከጭካኔ የሚመጣ አይደለም። እንስሳውን ከልቡ ከሚወድ፣ ግን የተሳሳተ ነገር ከሰማ ሰው ነው የሚመጣው። ከሁሉም በላይ የምፈራት ደግሞ «ደህና ነው» የምትለዋን አጭር ቃል ነው። ውሻና ድመት ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ብዙ መርዝም ሥራውን የሚሠራው ዘግይቶ ነው። ደህና መስለው የሚታዩበት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ልናድናቸው የምንችልበት ሰዓት ነው።

«ፀጉር አለው፣ አይበርደውም»

ፀጉር የሚያሞቀው በመሃሉ አየር ስለሚይዝ ነው። ሲርስ ያ አየር ይጠፋል፣ ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል። በደረቅ ብርድ ሲፈነጭ የሚውል ውሻ፣ በዝናብ ወይም በሚቀልጥ በረዶ ከራሰ ቶሎ ሊጎዳ ይችላል።

ደግሞም ውሻ ሁሉ አንድ አይደለም። ፀጉረ ወፍራሙ ሃስኪ ደስ ብሎት በሚተኛበት ብርድ፣ ፀጉሩ አጭርና ሰውነቱ ቀጭን የሆነው ግሬይሃውንድ ይሰቃያል። ቡችላ፣ ያረጀ፣ የከሳ፣ የታመመ፣ መገጣጠሚያውን የሚያመው፣ ሁሉም ቶሎ ይበርዳቸዋል።

ውሻችሁ ሲበርደው ይነግራችኋል። አንድ እግሩን ከመሬት ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ደግሞ ሌላውን ያነሳል። ጀርባውን ያጎብጣል፣ ጅራቱን ይወሽቃል። ከዚያ ወደመጣችሁበት አቅጣጫ ዞሮ ቆሞ ያያችኋል። ያኔ ወደ ቤት ተመለሱ። ስትገቡ መዳፉን በለብታ ውሃ እጠቡለት፤ በጣቶቹ መሃልም በደንብ አድርቁለት። መንገድ ላይ የሚነሰነሰው በረዶ ማቅለጫ ጨው መዳፉን ያቆስለዋል፣ ሲልሰው ደግሞ ሆዱን ያውከዋል።

ውጭ የሚያድር ውሻ ካላችሁ፣ ቤቱ ሰፊ ይሁን ብላችሁ አትድከሙ። የሚሞቀው በገዛ ትንፋሹና ሰውነቱ ነው፤ ስለዚህ ተነስቶ ለመዞርና ለመተኛት የሚበቃ ይሁን። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል። ብርድ ልብስም አታንጥፉለት። እርጥበት ይመጣል፣ ከዚያ ራሱ ብርድ ይሆንበታል። ደረቅ ገለባ ይሻላል። ቅዝቃዜው ሲብስ ግን የትኛውም የውሻ ቤት አይበቃም። አስገቡት።

«መንቀጥቀጡን ተወ፤ ሞቆታል ማለት ነው»

ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። ቤት ገብቶ፣ ደርቆ፣ ዓይኑ ነቅቶ ከተወ አዎ፣ ሞቆታል። ገና ብርድ ላይ እያለ መንቀጥቀጡን ካቆመ፣ ደግሞም ከፈዘዘና ከተንገዳገደ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሰውነቱ ሙቀት የሚያመርትበት ጉልበት አልቆበታል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከ37 በታች ሲወርድ አደጋው ተጀምሯል።

እንዲህ ካገኛችሁት አድርቁት፣ በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ሸፍናችሁ ደረቱና ሆዱ አጠገብ አድርጉ። እግሩን ብቻ ለማሞቅ አትጣደፉ፤ መጀመሪያ መሃል ሰውነቱ ይሙቅ። ከዚያ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ጆሮው ጫፍ ወይም ጅራቱ በብርድ ከገረጣና ከደረቀ አትሹት፤ በተለይ በበረዶ አትሹት። ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይጎዳዋል። ጉዳቱ በደንብ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ «ምንም የለውም» ለማለትም አትቸኩሉ።

«አንቲፍሪዝ ልሶ ነበር፣ ግን አገግሟል»

የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባው አንቲፍሪዝ፣ አንዳንዱ ኩላንት የሚለው፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከኤትሊን ግላይኮል ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ መሬት ላይ የፈሰሰውን ይልሰዋል። ድመት ደግሞ ባትጠጣውም ረግጣው ትሄድና ኋላ መዳፏን ስትልስ ትውጠዋለች። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመትን ለመግደል ያልተበረዘው አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ይበቃል።

መጀመሪያ እንስሳው የሰከረ ይመስላል። ይንገዳገዳል፣ ያስመልሳል፣ ውሃ ይጠማዋል። ከሰዓታት በኋላ ግን ይሻለዋል፣ በተለይ ውሻ። ይነሳል፣ ይራመዳል። ባለቤቱም «ተመስገን፣ አለፈለት» ይላል። በዚያ ሰዓት ግን ጉበቱ ፈሳሹን ወደ ሌላ መርዝ እየቀየረው ነው። ያ መርዝ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ኩላሊት ውስጥ እንደ ጥቃቅን ብርጭቆ ይረጋል። ድመት ላይ ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ ውሻ ላይ ደግሞ ከ36 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል።

ማርከሻ መድኃኒት አለው። ድመት በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት፣ ውሻ ደግሞ ከላሰ በኋላ 8፣ ቢበዛ 12 ሰዓት ሳይሞላው ሕክምና ካገኙ የመዳን ዕድል አላቸው። ስለዚህ ሲልስ ካያችሁት ምልክት አትጠብቁ። ከመኪናችሁ ሥር ጠብታ ካያችሁ የዚያኑ ዕለት ጥረጉ። በፕሮፒሊን ግላይኮል የሚሠራም አንቲፍሪዝ አለ። እሱም የሚጠጣ አይደለም፣ ግን አደጋው በጣም ያነሰ ነው።

መኪና ካነሳን አይቀር፦ በብርድ ጊዜ ድመት ሙቀት ፍለጋ ሞተሩ አካባቢ ትገባለች። ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን በእጃችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉት።

«ባለፈው ቸኮሌት በልቶ ምንም አልሆነም»

ባለፈው የበላው ምን ዓይነት ነበር? ስንት? ያኔስ ስንት ኪሎ ነበር? መልሱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ቸኮሌት ውስጥ ያለው ቴኦብሮሚን የሚባለው ነገር ከሰው ሰውነት ቶሎ ይወጣል። ከውሻ ግን ግማሹ ለመውጣት ብቻ 17 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ለእያንዳንዱ የውሻው ኪሎ 20 ሚሊግራም ሲደርስ ማስመለስ፣ ተቅማጥና መቅበጥበጥ ይጀምራል። ከ40 እስከ 50 ሲሆን ልብ ይረበሻል፤ 60 ሲሆን መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል።

አንድ 10 ኪሎ ውሻ እንውሰድ። ወተት ያለው ቸኮሌት ከሆነ፣ ምልክት ለማሳየት 100 ግራም ገደማ መብላት አለበት። ለኬክ የሚሆነው ጥቁሩና መራራው ከሆነ ግን 15 ግራም እንኳ ይበቃዋል። ባለፈው ወተት ያለውን በልቶ የተረፈ ውሻ፣ ዘንድሮ ጥቁሩን ሲያገኝ በምንም አይተርፍ ይሆናል።

«ስኳር የሌለው ከሆነማ ለውሻም ይሻላል»

አይሻልም። በስኳር ፋንታ ከሚገቡት ማጣፈጫዎች አንዱ ዛይሊቶል ነው። ማስቲካ ውስጥ አለ፣ አንዳንድ ኬክና የለውዝ ቅቤ ውስጥም አለ። የውሻ ቆሽት ስኳር የመጣ መስሎት ብዙ ኢንሱሊን ይለቃል፣ የደሙ ስኳር ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሊያሽቆለቁል ይችላል። መጠኑ ከበዛ ጉበቱም ይጎዳል። እንግዳ ሲመጣ ቦርሳውን ወለል ላይ እንዳያስቀምጥ ንገሩት። ማስቲካው ያለው ቦርሳው ውስጥ ነው።

ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ሊያቆሙ ይችላሉ፤ «ይህን ያህል ቢበላ ችግር የለውም» የሚባልለት መጠንም የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ይሁኑ የበሰሉ ቀይ የደም ሕዋስን ያፈርሳሉ፣ ድመት ላይ ደግሞ ይብሳሉ። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ማንም ከዚያ ምግብ ጋር አያገናኘውም። እርሾ ያለበት ሊጥም ሆድ ውስጥ ይነፋል፣ አልኮልም ያመነጫል። አጥንትስ? የበሰለ አጥንት ይሰነጠቃል፤ ስንጣሪው ጉሮሮና አንጀት ይበሳል። «የውሻ ሲሳይ ነው» እየተባለ ስንት ውሻ ቀዶ ሕክምና ገብቷል።

«ከአበባ የሚያስፈራው ቀይ ፖይንሴቲያ ነው»

ቅጠሉ በብርድ ወራት የሚቀላው ፖይንሴቲያ ስሙ ያለቅጥ ጠፍቷል። ወሬው ከ1919 ጀምሮ ይነገራል፤ ሃዋይ ውስጥ አንድ ሕፃን ቅጠሉን በልቶ ሞተ ተብሎ። እንስሳ ሲያኝከው የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ ለሃጭ መዝረብረብና ትንሽ ማስመለስ ነው።

እሱን ከፍ አድርገን ስንሰቅል ጠረጴዛው ላይ ሊሊ የሚባለውን አበባ እናስቀምጣለን። ድመት ላላት ቤት ይሄ እጅግ አደገኛ ነው። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ፀጉሯ ላይ የረገፈው ብናኝ፣ የአበባ ማስቀመጫው ውሃ እንኳ ኩላሊቷን ይገድላል። መጀመሪያ ታስመልስና ዝም ትላለች። የተሻላት ትመስላለች። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ኩላሊቷ ያቆማል። እኔ በበኩሌ መፍትሔው አንድ ነው እላለሁ፦ ድመት ያለበት ቤት ሊሊ አይግባ።

«ክሩን ዋጠችው፤ በራሱ ጊዜ ይወጣል»

ድመቴን ላጣት ነበር፣ በዚሁ ምክንያት። የስጦታ ሪባን ነበር፣ ቀጭን፣ ወርቅማ። ማታ ስትጫወትበት እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ምግቧን ተወች። ሁለት ጊዜ አስመለሰች። ከዚያ ሶፋ ሥር ገብታ እግሮቿን ከሆዷ ሥር አጥፋ ተኮራመተች። ሐኪሙ አፏን ከፍቶ ምላሷን ከሥር በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋ አደረገው። እዚያ፣ ምላሷ ሥር፣ ሪባኑ ዞሮ ተጠምጥሟል። ሌላው ጫፉ አንጀቷ ውስጥ ነበር።

የድመት ምላስ እሾኹ ወደ ኋላ የዞረ ነው። የያዘችውን ክር መትፋት ይቸግራታል፤ ወደ ውስጥ ብቻ ይሄዳል። አንደኛው ጫፍ ሲያዝ አንጀቱ ሌላውን ሊገፋ ይሞክራል፤ መሄድ ሲያቅተው ማሰሪያው እንደተሳበ የሱሪ ወገብ ራሱን ክሩ ላይ ይሰበስባል። ክሩም አንጀቱን ይቆርጠዋል። የእኔዋ በቀዶ ሕክምና ተረፈች። ክር ከአፏ ወይም ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ብታዩ እባካችሁ አትሳቡት። እንዳለ ይዛችኋት ሂዱ። የገና ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ብልጭልጭ ክርም ድመት ካለች ተዉት።

«ርችት ሲፈራ ካቀፍኩት ፍርሃት አለማምደዋለሁ»

ይህን ምክር ሰምተው ውሻቸው ሲንቀጠቀጥ ፊታቸውን ያዞሩ ሰዎች አሉ። ያሳዝነኛል። ፍርሃት ስሜት ነው፤ ልጅ ሲፈራ ብታቅፉት ይበልጥ ፈሪ እንደማይሆን ሁሉ ውሻም አይሆንም። ወደ እናንተ ከመጣ አጠገቡ ሁኑ። አልጋ ሥር መደበቅ ከፈለገም ተዉት፣ ጎትታችሁ አታውጡት። በድምፅ ቅጥነት መለኪያው በኸርዝ፣ የእኛ ጆሮ እስከ 20,000 ይሰማል፤ የውሻ እስከ 45,000 ገደማ፣ የድመት ደግሞ ከ60,000 በላይ። እኛ ምንም ያልሰማን ሲመስለን እነሱ ሰምተዋል።

በዚያ ቀን ሽርሽሩን በብርሃን ጨርሱ። ከመምሸቱ በፊት መስኮትና መጋረጃ ዝጉ። ለስላሳ ሙዚቃ ክፈቱ። በጣም የሚረበሽ ከሆነ መድኃኒት አለ፤ ግን ቀደም ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። የእናንተን ማስተኛ ክኒን አትስጡት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከቆዳው ሥር የሚቀበረውን ትንሽ መለያ ይዘው «ማይክሮቺፕ አለው፣ ቢጠፋ የት እንዳለ ይታያል» የሚሉ አሉ። አይታይም። ቺፑ ቁጥር ብቻ ነው የያዘው፤ የሚሠራውም አንድ ሰው አግኝቶት በማንበቢያ ሲያነበው ነው። ከበዓሉ በፊት የተመዘገበው ስልካችሁ የአሁኑ መሆኑን አረጋግጡ። አንገቱ ላይም ስልክ የተጻፈበት ማሰሪያ ይኑር።

«መርዝ ከበላ ወተት ወይም የጨው ውሃ አጠጣው»

ወተት መርዝ አያረክስም። የጨው ውሃ ደግሞ ራሱ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ደሙ ውስጥ ያለውን ጨው ከፍ አድርጎ አንጎልን ይጎዳል። ሐኪም ሳያዝ ለማስመለስም አትሞክሩ፣ አንዳንዱ ነገር ሲመለስ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ወይም ሳንባ ይገባል። የሰው መድኃኒትም አትስጡ። አንዲት ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አንድ ድመት ልትገድል ትችላለች፤ ጉበቷ ሊያጣራው አይችልም። አይቡፕሮፌንም የውሻን ሆድና ኩላሊት ይጎዳል።

ማድረግ ያለባችሁ መደወል ነው። በበዓል ቀን ብዙ ክሊኒክ ስለሚዘጋ፣ ሌሊትና በዓል የሚሠራውን ከአሁኑ አጣርታችሁ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ያዙ። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ ምን በላ፣ ምን ያህል፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ ነው የሚለውን ነው። የበላውን ነገር ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። ክብደቱን ካላወቃችሁ ዛሬውኑ አቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ አስቀምጡትና ብቻችሁን ተመዘኑ። ልዩነቱ የእሱ ነው፤ ከስልክ ቁጥሩ ጎን ጻፉት።