የካሊብሬሽን ባዝ ምንድን ነው? ማቀዝቀዣውና ማሞቂያውስ ለምን አብረው ይሠራሉ?

የክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ካሳየ የጤና ባለሙያዋ በሩን ዘግታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ የሚፈለገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነውና። ቴርሞሜትሩ ስድስት ዲግሪ አስበልጦ የሚያነብ ቢሆንስ? ያኔ እውነተኛው ሙቀት ከዜሮ በታች ነው፤ እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያሉ ክትባቶች ደግሞ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆኑ አይድኑም። ይህን ስሕተት ቀድሞ ለመያዝ የሚያገለግለው መሣሪያ የካሊብሬሽን ባዝ ነው፦ ሳያቋርጥ የሚማሰል፣ ሙቀቱ በተፈለገው ደረጃ ላይ እንዲጸና የሚደረግ ፈሳሽ የያዘ ገንዳ። የሚፈተሸው ቴርሞሜትርና ማጣቀሻው፣ ማለትም ልኩ የተረጋገጠው ቴርሞሜትር፣ ጎን ለጎን ይነከሩና ንባባቸው ይነጻጸራል።

ባዙን ውኃ የተሞላ ፍሪጅ አድርጎ የሚያስብ ሰው አሠራሩ ግራ ያጋባዋል። የፍሪጅ ኮምፕረሰር፣ ማለትም ጋዝ እየጨመቀ የሚያቀዘቅዘው ሞተር፣ ፍሪጁ ሲሞቅ ይነሣል፣ ሲቀዘቅዝ ያርፋል፤ በመካከሉ ሙቀቱ አንድ ሁለት ዲግሪ ወጣ ገባ ቢል ለወተትም ለዓሣም ግድ የለም። ባዙ ግን የሚታገለው ለዲግሪ መቶኛ ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ደረጃ ላይ ሲሠራ ኮምፕረሰሩ አያርፍም፤ ሆን ተብሎ ከሚያስፈልገው ጥቂት አብልጦ ያቀዘቅዛል። ትርፉን ቅዝቃዜ የሚያካክሰው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። በጣና ላይ ነፋስ ከአንድ ወገን እኩል እየገፋው የደንገል ታንኳውን በቦታው ለማቆየት የሚቀዝፍን ሰው ያስቡ፤ ነፋሱ ቅዝቃዜው ነው፣ መቅዘፊያው ማሞቂያው። ጥበቡ ያለው ማሞቂያው በቅጽበት ሊጨመርና ሊቀነስ በመቻሉ ላይ ነው፤ ኮምፕረሰር እንዲህ ያለ ቀጭን ትእዛዝ አይቀበልም።

ማሞቂያውን የሚያዘው መቆጣጠሪያ ፒ አይ ዲ ይባላል። ሦስት ነገር ይመዝናል፦ ሙቀቱ ከተፈለገው ምን ያህል እንደራቀ፣ ልዩነቱ ምን ያህል እንደቆየና በምን ፍጥነት እየተለወጠ እንደሆነ። ብዙ ባዞች የማሞቂያውን ድርሻ በመቶኛ ያሳያሉ፤ እኔ ከሙቀቱ ቁጥር አስቀድሜ የማየው እሱን ነው። ዜሮ ላይ ተጣብቆ ሙቀቱ አልወርድ ካለ ማቀዝቀዣው አቅም አጥቷል። መቶ ላይ ተሰቅሎ ሙቀቱ አልወጣ ካለ ደግሞ ቅዝቃዜው በዝቷል፤ ማስተካከያ ካለው መቀነስ ነው። በመካከል ላይ ጥቂት እየተወዛወዘ ከቆመ ባዙ ልኩን ይዟል።

የባዙ ማሳያ 5.00 ስላለ ግን ፈሳሹ 5.00 ነው ማለት አይደለም። ያ ቁጥር የመቆጣጠሪያው ሴንሰር ቃል ነው፤ ዳኛው ማጣቀሻው ነው። ለማጣቀሻነት ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የፕላቲነም ሴንሰር በዜሮ ዲግሪ 100 ኦም ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ) አለው፤ በአንድ ዲግሪ 0.385 ኦም ያህል ይጨምራል። የዲግሪ መቶኛ ሲፈለግ እንግዲህ የሚለካው ከአራት ሺሕኛ ኦም ያነሰ ለውጥ ነው፤ ላላ ያለ የሽቦ መያዣ ብቻውን ልኩን ሊያበላሸው ይበቃል። ቴርሞሜትሮቹ በቂ ጥልቀት ካልተነከሩም የክፍሉ ሙቀት በዘንጋቸው በኩል ይወርዳል።

የምንሠራበት ቦታ ከፍታም ለባዙ ፈሳሽ ምርጫ ወሳኝ ነው። እዚህ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ውኃ የሚፈላውም በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውኃ ለባዝ እስከ 95 ዲግሪ ይሠራል የሚል መመሪያ እዚህ አያገለግልም፤ ከዚያ በታችም ትነቱ ገጹን እያቀዘቀዘ የገንዳውን ሙቀት ከቦታ ቦታ ያዘባርቃል። ለከፍተኛ ሙቀት የሲሊኮን ዘይት ይሻላል፣ ከዜሮ በታች ለሚሠራ ደግሞ የውኃና የግላይኮል (ውኃ በረዶ እንዳይሆን የሚጨመር ፈሳሽ) ድብልቅ ወይም ኢታኖል፤ ኢታኖል ተቀጣጣይ መሆኑ ሳይረሳ። የሳሳው አየር የኮምፕረሰሩን ሙቀት ለማስወጣትም ይሰንፋል። በተለይ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት፣ ጀርባው ግድግዳ ላይ የተለጠፈና ሙቀት የሚያስወጡት የብረት ክንፎቹ አቧራ የለበሱ ባዝ ዝቅተኛውን ደረጃ ሳይደርስ ይቀራል። በአንጻሩ ከፍታው በረዶ የሚቀልጥበትን ዜሮ ዲግሪ የሚነካው በሁለት ሺሕኛ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከተጣራ ውኃ የተሠራ በረዶ ተደቅቆ ከተጣራ ውኃ ጋር በቴርሞስ ውስጥ ቢዘጋጅ ማጣቀሻውን እዚሁ መፈተሽ ይቻላል። የፈላ ውኃ ግን የዕለቱ የአየር ግፊት ሳይታወቅ ለዚህ አይሆንም።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፕረሰሩን ወዲያው ማስነሣት አይገባም፤ ውስጡ ያለው ግፊት እስኪመጣጠን ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። ንባቡም ከተቋረጠበት አይቀጠልም፤ ባዙ እንደገና እስኪረጋ ተጠብቆ ከመጀመሪያው ይወሰዳል።