የዌብፒ ክፍተት እና ወሎ

የዌብፒ ክፍተት በጳጉሜን 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የብሮውዘሮች፣ ማለትም የድረ ገጽ መክፈቻ አፖች፣ የደህንነት ችግር ነው። የተመዘገበበት ቁጥር ሲቪኢ-2023-4863 ነው። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅና ኦፔራ ሁሉም ተነክተዋል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ሁሉም ዌብፒ የተባለውን የምስል ፋይል ዓይነት የሚከፍቱት ሊብዌብፒ በሚባል የጋራ ኮድ ነው። ዌብፒን ጉግል ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የማይንቀሳቀሱት የቴሌግራም ስቲከሮችም በዚሁ ዓይነት የተሠሩ ናቸው።

ጉዳዩ የሜሞሪ ጉዳይ ነው። የተጨመቀን ምስል ለመዘርጋት ሊብዌብፒ ሰንጠረዦች ይሠራል። ለሰንጠረዦቹም አስቀድሞ የተወሰነ ቦታ ይይዛል። ሆን ተብሎ የተበላሸ ምስል ሲመጣ ግን ሰንጠረዡ ከተያዘለት ቦታ ይበልጣል። ትርፉ አጠገቡ ባለው ሜሞሪ ላይ ይጻፋል። ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ አንዱ ነጋዴ ዕቃውን ከመደቡ አሳልፎ ጎረቤቱ መደብ ላይ ቢዘረጋ እንደማለት ነው። ገበያው ላይ ጎረቤት ዝም አይልም። ሊብዌብፒ የተጻፈበት ሲ የተባለው ቋንቋ ግን ድንበር ሲታለፍ በራሱ አያስቆምም። አጥቂው ትርፉን አስልቶ ካዘጋጀው የራሱን ትእዛዝ ማስፈጸም ይችላል። የሚያስፈራው ደግሞ ባለስልኩ ምንም ፋይል ማውረድ አይጠበቅበትም፤ ምስሉ ያለበትን ገጽ መክፈቱ ይበቃል።

እንዲህ ያለ ስህተት ብርቅ አይደለም። ክሮም የተመሠረተበትን ኮድ የሚያዘጋጀው የክሮሚየም ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስታወቀው ከከባድ የደህንነት ስህተቶቹ 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ አያያዝ የመጡ ናቸው።

ችግሩን ጳጉሜን 1 ለጉግል ያሳወቁት የአፕል የደህንነት ቡድንና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ደህንነት ምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ ናቸው። ጉግል ጳጉሜን 6 ለክሮም አፕዴት አወጣ። ሞዚላም በማግስቱ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ፋየርፎክስን አደሰ። ክፍተቱን ተጠቅመው የሚያጠቁ ሰዎች በዚያን ጊዜ ነበሩ። ስለዚህ ይህ ፍጥነት በእውነት የሚመሰገን ነው።

ወሎ ግን አፕዴቱን በዚያ ፍጥነት የሚቀበልበት መንገድ አልነበረውም። ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ለወራትም ቆየ። ደሴም ሆነ ወልድያ ለብዙ ሰው ኢንተርኔት ማለት የስልክ ዳታ ነው። ዳታ የሌለው ስልክ ከድረ ገጽ ጥቃት አይደርስበትም፣ ይህ እውነት ነው። አደጋው መስመሩ የተመለሰ ቀን ይጀምራል። ያን ቀን ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው የናፈቀውን ገጽ እንጂ አፕዴት አይደለም። ብሮውዘሩ ደግሞ የወራት ጉድለት ይዞ ነው የሚከፈተው። እኔ የኢንተርኔት መቋረጥን ከደህንነት ለይቼ የማላየው ለዚህ ነው።

ፓኬጅ እንዳይበላ ብለን የምናጠፋው አውቶማቲክ አፕዴትም ያንኑ ጉድለት ያመጣል። በዜንደር ከጓደኛ ስልክ የተቀበልነው አፕም ያው ነው፤ የጓደኛችን ስሪት አሮጌ ከሆነ ክፍተቱም አብሮ ይመጣል።

የክሮምን ስሪት ለማየት ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ ስለ ክሮም የሚለውን መክፈት ነው። በኮምፒውተር ላይ ይህ ክፍተት የተደፈነው ከ116.0.5845.187 ጀምሮ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ግን ክሮም ከ109ኛው ስሪት አያልፍም። እንዲህ ያለ ማሽን ያለው የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት የደንበኛ ኢሜይል ባይከፍትበት ይሻላል።