ዱኾቦሮችን ፍለጋ ወደ ካናዳ ሜዳ ለሚሄዱ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዱኾቦሮች በዛሩ ዘመን ከሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የወጡ፣ ካህንም ሥዕልም አንቀበልም፣ ጦር መሣሪያም አናነሣም ያሉ ገበሬዎች ናቸው። በ1899 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 7,500 የሚሆኑት ከካውካሰስ ተነሥተው በመርከብ ካናዳ ገቡ። መሬት የተሰጣቸው ዛሬ ሳስካችዋን በሚባለው ክፍለ አገር ነው። ሳስካቱን፣ ሬጂና ወይም ካልጋሪ ለሚኖር ሐበሻ በመኪና የሚደረስ ታሪክ ነው፤ ብዙው ጎብኚ ግን የሌለ ነገር ሊያይ ሄዶ ያለውን ሳያይ ይመለሳል።

«ራቁታቸውን ሰልፍ የሚወጡት፣ ቤት የሚያቃጥሉት ሰዎች ናቸው»

ይህ የጋዜጣ ወሬ የመጣው «የነጻነት ልጆች» ከተባለው አነስተኛ ክንፍ ነው። የራቁት ሰልፉ በ1903 እዚሁ ሜዳ ላይ ቢጀመርም፣ ቃጠሎውና ፍንዳታው በአብዛኛው የደረሰው በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራሮች መካከል ነው። እዚያም ቢሆን ታሪኩ አንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ከ1953 እስከ 1959 መንግሥት የእነዚህን ሰዎች ልጆች ከወላጆቻቸው ነጥቆ ኒው ዴንቨር በተባለች የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንደር ውስጥ አስቀምጧል። ለዚህም የክፍለ አገሩ መንግሥት በ2024 ይቅርታ ጠይቋል።

በሜዳው የቀሩት ሌሎች ናቸው። በ1907 መንግሥት መሬቱን በየግል ያላስመዘገበና የታማኝነት መሐላ ያልፈጸመ መሬቱን ያጣል አለ። ለመሪያቸው ለፒተር ቬሪጊን ያደሩት «አንምልም» ብለው ከ1908 ጀምሮ ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተሰደዱ። በግል የተመዘገቡት፣ «ነጻ ዱኾቦሮች» የሚባሉት፣ ቀርተው አረሱ፣ ልጆቻቸውንም አስተማሩ። እንግዳ ሆኖ ማዕዳቸው ላይ ተቀምጦ በቅድሚያ ስለ ራቁት ሰልፍ መጠየቅ ነውር ነው።

«እንደ አሚሽ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ፣ ለብሰው የሚለዩ ናቸው»

አይደሉም። አሚሾች፣ ሜኖናይቶችና ሃተራይቶች ሌላ ሥር ያላቸው የክርስቲያን ማኅበሮች ናቸው። ዱኾቦር ጎረቤት በአለባበስ አይለይም፤ ትራክተሩም ስልኩም እንደማንኛውም ገበሬ ነው። ሩሲያኛው የሚሰማው በብዛት በጸሎትና በመዝሙር ላይ ስለሆነ አስተርጓሚ ፍለጋ አትድከሙ።

«ቶልስቶይ ዱኾቦር ነበር»

ሩሲያዊው ደራሲ ሌቭ ቶልስቶይ ዱኾቦር አልነበረም። «ትንሣኤ» ከተባለው ልቦለዱ ያገኘውን ገንዘብ ለጉዟቸው ስለሰጠ ነው ሐውልቱ ሳስካችዋን ባለችው ቬሬጊን ውስጥ የቆመው።

«ሩሲያውያን ስለሆኑ እንደኛ ኦርቶዶክስ ናቸው»

ጸሎት ቤታቸው ስትገቡ መስቀል፣ መቅደስ፣ መጋረጃ አትፈልጉ። መሐል ላይ ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ ዳቦ፣ ጨውና ውኃ ተቀምጧል። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ፊት ለፊት ይቆማሉ። መዝሙሩ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ ነው፤ ብዙ ዘመንም ሳይጻፍ በቃል ብቻ ሲተላለፍ ኖሯል። እርስ በርስ ይሰግዳሉ፤ የሚሰግዱት በሰውየው ውስጥ ላለው ለእግዚአብሔር ነው። እንግዳ አብሮ መስገድ አይጠበቅበትም፤ ሥርዓት ይዞ መቆም ይበቃል። ፎቶ ከማንሣት በፊት ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ያገናኘናል። በ1895 ያላቸውን መሣሪያ ሁሉ ከምረው ያቃጠሉት በጴጥሮስ በዓል ዋዜማ ሌሊት ነው፤ በዓሉ በአሮጌው የሩሲያ አቆጣጠር ጁን 29፣ በእኛ ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ መሆኑ ነው። ዛሬ የሚያስቡት ግን በአዲሱ አቆጣጠር በጁን መጨረሻ ስለሆነ፣ በሐምሌ 5 ሂሳብ ጉዞ ያቀደ ሰው ሁለት ሳምንት ያህል ይዘገያል።

«ወንዶቹ ሴቶቹን እንደ በሬ ጠምደው አረሱባቸው»

ሴቶች ማረሻ ሲጎትቱ የሚያሳየው የ1899 ፎቶ እውነተኛ ነው፤ ትርጓሜው ነው የተጣመመው። ያን ዓመት ወንዶቹ ገንዘብ ለማግኘት የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ነበሩ። ያሉት ጥቂት ከብቶች ደግሞ ግንድና ዱቄት ከሩቅ ሲያመላልሱ ይውሉ ነበር። የመጀመሪያው ማሳ ካልታረሰ ክረምቱን መሻገር ስለማይቻል ሴቶቹ ራሳቸው ወስነው ጥንድ ጥንድ ሆነው ገመዱን ያዙ።

«መንደሮቹ አሉ፤ ጂፒኤስ ከፍቶ መሄድ ነው»

ከ50 በላይ መንደሮች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ዛሬ የስንዴና የካኖላ ማሳ ናቸው። የሚታየው ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው የተጠበቀው ነው። ከዮርክተን በሀይዌይ 9 ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ካኖራ ስትደርሱ፣ በሀይዌይ 5 ወደ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ቬሬጊን ናት። የ1917ቱ ጸሎት ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ላይኛው የመሪው መኖሪያ ነበር። በረንዳውን የከበበውን ጌጠኛ የብረት ሥራ ቀረብ ብላችሁ እዩት። በግቢው የጡብ ምድጃ፣ የእንፋሎት መታጠቢያና አንጥረኛ ቤት አሉ። ሌላው የተጠበቀ ቦታ ከሳስካቱን በሀይዌይ 12 አንድ ሰዓት ያህል ርቆ፣ ብሌይን ሌክ አጠገብ ያለው በ1899 የተቆፈረ የመሬት ውስጥ ቤት ነው። ሁለቱም የሚከፈቱት በካናዳ ሞቃት ወራት ስለሆነ፣ የመሬት ውስጥ ቤቱ ደግሞ በተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ሳትደውሉ አትነሡ።

ሁለተኛው ዓይነት የመቃብር ቦታና የመንደር ፍርስራሽ ነው፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። የድሮ መዝገቦች ቦታውን የሚሰጡት በሴክሽን፣ በታውንሺፕና በሬንጅ ቁጥር (በካናዳ ሜዳ የመሬት መከፋፈያ ቁጥር) ነው፤ ከቤት ሳትወጡ ወደ ጂፒኤስ ቁጥር ቀይሩትና ካርታውን ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አውርዱት። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት መንገዶች በየ1 ማይሉ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት በየ2 ማይሉ የተቀየሱ ናቸው፤ አንድ መታጠፊያ ካለፋችሁ በዚህ ሂሳብ መልሱ። ካርታ ላይ ያለ መንገድ ሁሉ ጠጠር የለበሰ አይደለም፤ ያልለበሰው ዝናብ ሲነካው እንደ መረሬ ጎማ ይይዛል፣ ያኔ ፎር ዊል ድራይቭም አያወጣችሁም። ዘንቦ ከሆነ አንድ ቀን ጠብቁ። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሳስካችዋን የገጠር የግል መሬት ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው፤ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ምልክት አለመኖሩ ፈቃድ አይደለም። መዥገር ስላለ ረጅም ሱሪ ልበሱ።

«ሥጋ ስለማይበሉ ምግባቸው የጾም ነው»

በ1890ዎቹ ብዙዎቹ ሥጋ ትተዋል፤ ዛሬ ግን ሁሉም አይደሉም። የባህል ምግባቸው ያለ ሥጋ ይሁን እንጂ ፍስክ ነው። ቦርሽ የሚባለው ሾርባቸው እንደሌላው በቀይ ሥር የቀላ አይደለም፤ ጎመን፣ ድንችና ቲማቲም በቅቤ ተሠርቶ ክሬም ይገባበታል፣ ቀይ ሥሩ ለቀለም ያህል ይገባና ይወጣል። ፒሮሂ የሚባለው የተጋገረ ቂጣም ሊጡ ቅቤ አለው። የሳስካቱን ዱኾቦሮች በከተማው ኤግዚቢሽን ላይ በእንጨት በሚነድ የጡብ ምድጃ ዳቦ ጋግረው ይሸጣሉ፤ ይህ በኦገስት ስለሚውል ከፍልሰታ ጾም ጋር ሊገጥም ይችላል። ጿሚ ከሆናችሁ ወተት ወይም ቅቤ ገብቶበት እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ በጊዜም ሂዱ፣ ምድጃው በአንድ ዙር የሚያወጣው የተወሰነ ነው።